አጎት ነበራት

«አሳዳጊ የለኝም። እናትና አባቴ ከሞቱ በኋላ በሰው ግቢ ተጠግቼ ነው የምኖረው። የሚረዳኝ ዘመድ የለም።»

ይህን የሰማሁት ሐሙስ ጠዋት፣ አንዱ እግሬ ካልሲ ለብሶ ሌላው ባዶውን ሆኖ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነው። ድምፁ የመጣው ከኮምፔንሳቶው ግድግዳ ወዲያ ነው። ኮምፔንሳቶውን የመታሁት እኔ ነኝ። የወንድሜ ልጅ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት፣ ለብቻዋ የምትተኛበትና የምታጠናበት ቦታ ያስፈልጋታል ብዬ ያለችንን አንድ ክፍል ለሁለት ከፈልኳት። ለእኔና ለባለቤቴ የቀረችው አልጋና ቁም ሣጥን ተፋጠው የቆሙባት፣ ሰው በጎኑ ካልሆነ የማያልፍባት ናት፤ መስኮቱ ለልጅቷ ደረሰ። ከዚያ መስኮት ሥር ተቀምጣ ነው እንግዲህ ዘመድ የለኝም የምትለው። «የሚረዳኝ ዘመድ የለም» የምትለዋን ሦስት ጊዜ ደገመቻት። መጀመሪያ ተጣድፋ አለቻት፤ ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሞከረች፤ በሦስተኛው ጥሩ ወጣላት።

ሁለተኛውን ካልሲ አጠለቅሁ። ባለቤቴ የተተኮሰ ሸሚዝ በሁለት እጇ ይዛ ገባችና ፊቴን አይታ መስማቴ ገባት። በሩን በተረከዟ ገፋ አደረገችው።

«ወረቀት ነው እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ወረቀት ሥጋ ይቆርጣል?»

«ዐሥራ አንድ ዓመት ነው ያሳደግኳት።»

«ማን ካደህ?»

«እሷ ናታ! እየሰማሽ አይደለም?»

«እሷማ ማንበቧ ነው። የምትፈርመው አንተ ነህ» አለችና ሸሚዙን አልጋው ላይ ዘርግታ ወጣች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ችግረኛ ተማሪዎችን በግብርና ኮሌጅ አራት ዓመት በነፃ የሚያስተምር አንድ ድርጅት አለ። ትምህርቱን፣ መኝታውን፣ ምግቡን፣ መጽሐፉን፣ ሁሉንም ይችላል። ዘንድሮ ለከተማው የሰጠው ቦታ ስድስት ነው፤ ስሙን ያስገባው ተማሪ አርባ አንድ። የልጅቷ ውጤት አያሳፍርም፣ ከአርባ አንዱ ሦስተኛ ናት። ግን ውጤት ብቻ አይደለም የሚታየው። ሠርቶ የሚያድር ዘመድ ያለው ልጅ ማንም ከሌለው ልጅ ኋላ ይሰለፋል። አምና ከትምህርት ቤታቸው አንደኛ የወጣው ልጅ ቅጹ ላይ የእናቴ ወንድም ግንበኛ ነው ብሎ በመጻፉ ብቻ ቀርቷል፤ ግንበኛው ለልጁ አንድ ደብተር ገዝቶለት አያውቅም ነበር አሉ። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ልጅቷን ጠርታ ማንም የለኝም ብለሽ ጻፊ አለቻት። ማንም እንደሌላት ደግሞ ዘመድ ያልሆነ፣ መታወቂያ ያለው ጎረቤት ቀርቦ መመስከርና መፈረም አለበት። ልጅቷና ባለቤቴ ሦስት ቀን ተማክረው ጎረቤቱ እኔ እንድሆን ወሰኑ። ሌላ ሰው እንዳይለምኑ፣ የሌላ ሰው አፍ አያርፍም። ሦስት ቀን ሙሉ እኔ ስገባ ወሬው ወደ ሽንኩርት ዋጋ የሚዞረው ለካ ለዚህ ኖሯል። ትናንት እራት ላይ «ነገ ኪዮስክህን ዘግተህ ምስክር ትሆናለህ» ተባልኩ። ቃሉን ራሱን ግን አሁን መስማቴ ነው።

የሚገርመው ደግሞ የምካደው ለግብርና መሆኑ ነው። ለሐኪምነት ቢሆን እሺ፣ ሰው ተክዶም ሲታመም ይታከማል። እኔ ከተማ የገባሁት ከአፈር ሸሽቼ ነው። ስድስተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ «ታላቅህ ይማር፣ አንተ ለእርሻው ትሻላለህ» ተብዬ አምስት ዓመት የበሬ ጅራት እያየሁ ከረምኩ፤ ሲበቃኝ ወጣሁ። ቁልፍ መቅረጽ ማንም አላስተማረኝም፣ የሰው እጅ እያየሁ ነው የለመድኩት። እሷ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ያለው ችግኝ ጣቢያ እየዋለች ጥፍሯ ሥር ጭቃ ይዛ ትመጣለች። እኔ ያንን ጭቃ ከጥፍሬ ለማውጣት ስንት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እሷ በዲግሪ ልትመለስበት ነው።

አውቶቡስ ውስጥ ቆመን ሄድን። የታጠበ የትምህርት ቤት ሹራብ ለብሳለች፣ ክርኑ ላይ ሳስቷል። ወረቀቶቿን በላስቲክ ከታ ደረቷ ላይ ለጥፋቸዋለች። አውቶቡሱ በኪዮስኬ ፊት ሲያልፍ ጓጉንቸሩን አየሁት፤ አንዲት ሴት የተሰበረ ቁልፍ በጣቷ እያንጠለጠለች ግራና ቀኝ ታያለች። አንድ ቁልፍ በስድሳ እቀርጻለሁ፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው በሃምሳ አምስት ይቀርጻል። እኔ ከሌለሁ መንገዱን ትሻገራለች። ልጅቷም አየቻት።

«አብዬ፣ ካልፈለግክ እንተወው» አለችኝ።

ካልፈለግክ የሚባለው ነገር ሁልጊዜ ካለቀ በኋላ ነው። «በአንቱ ጥሪኝ» አልኳት።

«እ?»

«ጎረቤት አንተ አይባልም። ከአሁኑ ተለማመጂ።»

ወደ መስኮቱ ዞረች። ሁለት ፌርማታ ካለፍን በኋላ «እሺ፣ እንዳሉኝ» አለች። በሕይወቴ በአንቱታ የጠሩኝ ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ከዚህች ልጅ አፍ ግን ክብሩ ቀዘቀዘኝ። አባቷም እንዲሁ አድርጎኝ ያውቃል። ከተማ በገባሁ ቀን፣ አቧራዬን ሳላራግፍ ቢሮው ድረስ ሄጄ በሩን ከፈትኩ። አብሮት የሚሠራው ሰው ማነው ብሎ ሲጠይቀው «የሰፈራችን ልጅ ነው» አለና የሻይ ሰጥቶ ላከኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ኋላ ሲታመም ያስታመምኩት እኔ ነኝ፤ ልጁንም ለእኔ ነው አደራ ያለው። ያን ሻይ ግን እስከ ዛሬ አልዋጥኩትም።

የድርጅቱ ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰሩ ላይ ‹ተበላሽቷል› የሚል ወረቀት ተለጥፏል፣ ወረቀቱም ራሱ አርጅቷል። ኮሪደሩ ውስጥ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፤ ከአርባ አንዱ ለዚያ ቀን የተጠሩት ዐሥራ ሁለቱ ከነሰዎቻቸው ተደርድረውበታል። እንዲህ ያለ ወረፋ አይቼ አላውቅም። ሌላ ቦታ ሰው ያለውን ለብሶ ይመጣል፤ እዚህ ግን ሁሉም የሌለውን ለብሶ ነው የመጣው። የአንዷ እናት ነጠላ ጫማ በሽቦ ታስሯል። ከጎኔ የተቀመጠው ወፍራም ሰው ትከሻው የተቀደደ ኮት አጥልቋል፤ ተሸካሚ ነኝ አለኝ ሳልጠይቀው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ጥፍሩን ይነክሳል። ተሸካሚው ከላይ እስከ ታች አየኝና እግሬ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ወንድም፣ ጫማ ቀብተህ መጣህ?»

«ምን አለበት?»

«ምን አለበት ይላል! ሰው ሊደኸይ መጥቶ ጫማ ይቀባል? እኔ እንኳን የራሴ ኮት ደህና ናት ብዬ ይቺን ከሰው ተውሼ ነው።»

አግዳሚው ላይ ያለ ሁሉ ሳቀ። ነጠላ ጫማዋ በሽቦ የታሰረው ሴት «ዝም በል፣ ይሰሙናል» አለችው፣ እሷም እየሳቀች። «ይስሙ! ሌላ ቦታ ደሃ ነን ስንል ማን ሰምቶን ያውቃል» አለ። አንዱን ጫማዬን በሌላው ረገጥኩት።

«የማን አባት ነህ?» አለኝ ተሸካሚው።

«የማንም። ጎረቤት ነኝ። ለምስክርነት ነው የመጣሁት።»

«ኧረ ባክህ! ሥራውን ዘግቶ የሚመጣ ጎረቤት ካለስ እኔም ሰፈር ልቀይር» አለ። ልጅቷ የላስቲኩን ጠርዝ በጥፍሯ ስትልጥ ነበር፤ ተወችው።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ተጠራን። ክፍሉ ትንሽ ነው፤ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ፋይል። ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠችው ሴት ሃምሳውን ያለፈች ናት። መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከእኛ በፊት ስንት ሰው ስታይ እንደዋለች ዓይኗ ሥር ይታያል። መጥፎ ሴት አትመስልም። እንዲያውም ብድግ ብላ ነው ወንበር ያሳየችኝ። መጥፎ ብትሆን ይቀለኝ ነበር።

«እሳቸው ጎረቤቴ ናቸው» አለች ልጅቷ። አንደበቷ አልተያዘም።

ሴትየዋ መታወቂያዬን ወሰደች፤ ከልጅቷ ወረቀት ጋር ጎን ለጎን አደረገችው፤ መነጽሯን አጠለቀች። «የአባትዎ ስምና የልጅቷ አያት ስም አንድ ነው» አለች።

«በዚህ ስም የሚጠራ ሰው ብዙ ነው» አልኩ። «ገበያ መሐል ቢጣሩ ዐሥር ሰው ዞር ይላል።»

ፈገግ አለችና መታወቂያውን መለሰችልኝ። አባቴ ገበያ የሚወድ ሰው አልነበረም።

ቀጥላ ወደ ልጅቷ ዞረች። «ብዙዎቹ ሕክምና ጽፈው ሲቀርባቸው ነው ግብርና የሚሉት። አንቺ አንደኛ ምርጫሽ አድርገሽዋል። ለምን?» አለቻት። እኔ ለእናት አገር፣ ለልማት ምናምን የሚለውን ነበር የጠበቅሁት፤ ማታ ማታ ከኮምፔንሳቶው ወዲያ ስታነበንበው ሰምቻለሁ። እሷ ግን ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ስለ አንድ የሽንኩርት መደብ ማውራት ጀመረች። ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ሁለት ዓመት በተከታታይ እዚያው መደብ ላይ ብቻ ሽንኩርቱ ይሞታል። ዘሩን ቀየሩት፣ መድኃኒት ረጩበት፣ ሞተ። ውሃ አነሰው ብለው ጨመሩለት፣ ባሰበት። እሷ አንድ ቅዳሜ ሁሉም ምሳ ሲሄዱ መደቡን በእጇ ቆፈረችው። ላዩ ልል ነው፤ አንድ ስንዝር ሲወርዱ ግን እንደ ሸክላ ጠጥሯል። «ከሥር ያለውን እርጥብ አፈር በእጄ ድቡልቡል አድርጌ ከወገቤ ከፍታ ለቀቅኩት። ከፈረሰ ሥር ይቀበላል፤ ካልፈረሰ ውሃ አያሳልፍም። አልፈረሰም። ሽንኩርቱ የሚሞተው ውሃ አንሶት ሳይሆን ውሃ ተኝቶበት ነው። ቦይ ቀደድንለት፣ ዘንድሮ ያዘ።» ስታወራ እጇ ይሠራ ነበር፤ አፈሩን ይዞ፣ ጨብጦ፣ ይለቃል። ሴትየዋ ብዕሯን አስቀምጣ ታያት ጀመር።

«ይሄን ከየት ተማርሽው? ከመጽሐፍ ነው?»

«አይደለም፣ አጎቴ ነው ያሳየኝ» አለች።

እኔ ረስቼው ነበር። ስምንት ዓመቷ ሳለ ኪዮስኩ ፊት የውሃ መስመር ቆፍረው አፈሩን ከምረውት ሳለ፣ ገበያ ጠፍቶ፣ አንድ እፍኝ አፈር አንስቼ አሳይቻታለሁ። ላስተምራት ብዬ አልነበረም። እኔን የቀበሩኝ እዚህ ውስጥ ነው እያልኩ እራገም ነበር። ዐሥር ዓመት ሙሉ ይዛዋለች። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ሰው አጎቷ እንዲህ አድርጎላታል ቢል ብዬ ስመኝ ነው የዋልኩት፤ የተናገረችው ራሷ ናት፣ የተናገረችበት ቦታ ግን ይሄ ክፍል ነው።

ሴትየዋ ብዕሯን አነሳች። «አጎት?» አለች። ቅጹን ገለጠች። «እዚህ ላይ ዘመድ የለም ነው የሚለው።»

የልጅቷ እጅ አፈሩን እንደጨበጠ ቀረ።

«ነበራት» አልኩ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። «አጎት ነበራት። ግን ምኑ አጎት ነው! የማይረባ ሰው ነበር።» አንዴ ከጀመርኩ አልቆምኩም። ነገር የማይገባው፣ የገባውን ደግሞ የማይረሳ ቂመኛ፣ ዕድሜውን አንድ ቦታ ተጎልቶ የጨረሰ፣ ሰው ፊት የማይቀርብ፣ እንኳን ለሰው ልጅ ለራሱም ያልሆነ አልኩ። ቃል ፈልጌ አላጣሁም፤ ሁሉም ተዘጋጅተው ነው የቆዩኝ። ነገር አይገባህም ያለኝ የመጀመሪያ አሠሪዬ ነው። ቂመኛ ያለችኝ የባለቤቴ እናት ናት። ተጎልተህ ቀረህ የሚለኝ የኪዮስኩን ግብር የሚሰበስበው ጎረምሳ ነው። ሰው ፊት የማይቀርብ የሚለው የወንድሜ ነው፣ በአፉ ባይለውም። ልጅቷ ጭኗ ላይ ያለውን ወረቀት እያየች አዳመጠችኝ። አንድ ጊዜ እንኳን ቀና ብላ ኧረ አይደለም አላለችም። ማለት እንደማትችል አውቃለሁ። ቢሆንም ጠበቅሁ።

ሴትየዋ በትዕግሥት ሰማችኝ። «ይገባኛል» አለች ስጨርስ። «እንዲህ ያለ ዘመድ ብዙ አይቻለሁ። ግን የማይረባ የሚል ሳጥን የለንም።» ቅጹን ወደ እኔ አዙራ በብዕሯ ጫፍ አሳየችኝ። ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች ናቸው፤ በአንደኛው ጎን ‹በሕይወት አለ› በሌላው ‹በሕይወት የለም› ይላል። «ካለ ቀርቦ መጠየቅ አለበት። የትኛው ነው?»

«የለም» አልኩ። «ሞቷል።»

ያን ጊዜ ልጅቷ አለቀሰች። ማስመሰል አልነበረም፤ እንባው በሹራቡ እጅጌ አልቆም አለ። ሴትየዋ ከመሳቢያዋ ሶፍት አውጥታ ሰጠቻት፤ «ይቅርታ የእኔ ልጅ፣ እግዜር ያጽናሽ» አለቻት። ወደ እኔ ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«መቼ ነው?»

«አምና።»

«ታሞ?»

«ድንገት ነው።»

«ትቀራረቡ ነበር?»

«ብዙም አልወደውም ነበር» አልኩ። ያን ቀን ከተናገርኩት ሁሉ እውነቱ ይሄ ነው።

በሁለተኛው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረገች። ከሥሩ ስሜን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፤ እሷ ማኅተም መታችበት። ፋይሉን በስተቀኝ ካለው ትልቅ ክምር ላይ ሳይሆን በስተግራ ካሉት ሦስት ፋይሎች ላይ አኖረችው። «ቃል ልገባልሽ አልችልም፣ ግን ጥሩ ቦታ ላይ ነሽ» አለቻት። «ነገ ጠዋት አጣሪ ወደ ግቢያችሁ ይመጣል። የግቢውን ባለቤትና ሁለት ሦስት ጎረቤት ይጠይቃል። የእነሱ ቃል ከምስክሩ ቃል ጋር ከተስማማ አለቀ። ካልተስማማ ግን ፋይሉ ይወድቃል።» በሩ ድረስ ሸኘችን። «እንደ እርስዎ ያለ ጎረቤት ለሁሉም በሰጠው» አለችኝ።

ደረጃው ላይ ልጅቷ እጅጌዬን ያዘች። «አብዬ…»

«ኮሪደሩ ላይ ሰው አለ» አልኳት። እጅጌዬን ለቀቀች። አውቶቡሱ ባዶ ነበር፤ እኔ ከፊት ተቀመጥኩ፣ እሷ ከኋላ።

ግቢ ስንደርስ ባለቤቴ ቧንቧው ሥር ልብስ ታጥባለች። እጇ በአረፋ እንደተሞላ ብድግ አለች።

«ምን አሉ?»

«ሞቻለሁ።»

«ቀልድህን ተው! ተቀበሏት?»

«ነገ አጣሪ ይመጣል። አጎቷ አምና እንደሞተ ግቢው ካረጋገጠ ይቀበሏታል። እኔ ጎረቤት ነኝ።»

ልጅቷ ወደ ቤት ገባች። ባለቤቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ታዝናለች ብዬ አልነበረም፣ ግን ትንፋሽ የምትወስድ መስሎኝ ነበር። «እንግዲያው ሰው ሳይወጣ አሁኑኑ ንገራቸው» አለች።

ግቢው ውስጥ ከእኛ ሌላ ሦስት በር አለ። መጀመሪያ ጡረተኛው ሹፌር ዘንድ ሄድኩ፤ እንደ ወትሮው በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፏል። ነገሩን ስነግረው ሬዲዮውን አወረደው።

«ለሞተ ሰው ደህና ትመስላለህ» አለኝ። «በምን ሞተ እንበል?»

«ድንገት በሉ።»

«ድንገትማ ምን ያደርጋል! በሽታ ይሻላል፣ ሰው ያዝናል። ኩላሊት ልበል?»

«ድንገት ብዬ ፈርሜያለሁ ጋሼ።»

«እሺ፣ ለእሷ ሲባል ድንገት ይሁን። ለዚች ልጅማ ሁላችንም እንሞታለን!» ብሎ ትከሻዬን መታኝ። ሁላችንም ይላል። ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ገባሁ። እሷ ደግሞ እግሯን ከመኪናው ፔዳል ላይ ሳታነሳ፣ ጨርቁን እንደያዘች፣ «አጎቷ አምና ሞተ፣ አንተ ጎረቤት ነህ፤ ገባኝ፣ ገባኝ» አለች፤ ሌላ ጥያቄ አልነበራትም። እዚህ ግቢ ስኖር ሃያ ዓመቴ ነው። መሰላል አውሱኝ ብላቸው ያስቡበታል። ሞተ በሉኝ ስላቸው ግን ሁለተኛ አላስለመኑኝም።

የቀረችው የግቢው ባለቤት ናት። አሮጊት ናት፤ እሷ ሳትፈቅድ በዚህ ግቢ ገመድ ላይ ልብስ አይሰጣም። በረንዳዋ ላይ ሰፌድ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። ባለቤቴ ሰሞኑን ቀድማ ነግራታለች፤ ‹ልጅቷ እኔ ግቢ ነው የምትኖረው› ለማለት ተስማምታለች፣ እውነት ነውና። የዛሬውን ስነግራት ግን ከሰፌዱ ቀና አላለችም። እስክጨርስ ጠጠር እየለቀመች ወደ መሬት ጣለች።

«አልልም» አለች።

«እማማ…»

«አልልም ብያለሁ። ከዚህ ግቢ ስንት ሰው ሞቷል፤ ሁሉንም አልቅሼ ነው የሸኘሁ። አንተን አልሸኘሁም።»

«ለወረቀት ነው እኮ።»

«ወረቀቱን እነሱ ይጻፉት። እኔን ከጠየቁኝ ያሳደጋት እዚያ ጋ ያለው ቁልፍ ቀራጩ ነው፣ ሂዱና ጠይቁት ነው የምለው። ኩፍኝ የያዛት ጊዜ በጀርባህ አዝለህ ስትወጣ በሩን የከፈትኩልህ እኔ አይደለሁም? ራሷን ስትላጭ አልቅሳ እንቢ ብትል የራስህን ጠጉር አብረህ አልተላጨህም? ታዲያ ይሄን ያደረገው ማነው፣ ሬሳ ነው?»

ከጠዋት ጀምሮ የፈለግሁት ሰው ይሄ ነው። ሰፌዷን አስቀምጣ ለእኔ የምትቆጣ አንድ ሰው። ተገኘች፤ መገኘቷ ግን ነገ ፋይሉን ከግራ ወደ ቀኝ ሊያዛውረው ነው። ጎንበስ ብዬ ጉልበቷን ያዝኩ።

«እማማ፣ በሞቴ።»

«በየትኛው?» አለችኝ።

ሹፌሩ ከወዲያ በኩል ሳቁን አፈነ። ጉልበቷን አልለቀቅሁም። የመጣ አጣሪ አንድ ቃል ቢለይበት እንደሚወድቅ ነገርኳት፤ አምና አንደኛ ወጥቶ ስለቀረው ልጅ ነገርኳት፤ ስለ ሽንኩርቱ መደብ ሳይቀር ነገርኳት፣ ሴትየዋ ብዕሯን አስቀምጣ እንዳዳመጠቻት። ስለ ልጅቷ ይህን ያህል ያወራሁበት ቀን የለም። አሮጊቷ ሰማችና በመጨረሻ እጄን ከጉልበቷ ላይ አነሳችው።

«እሷ ትምጣ» አለች። «አንተ ቆመህ እያየሃት በራሷ አፍ ትንገረኝ። ከእሷ ከሰማሁ እኔም እላለሁ። ካልሰማሁ አልልም።»

ባለቤቴ ሮጣ ጠራቻት። ልጅቷ ሹራቧን ሳትቀይር፣ ፊቷን ታጥባ ወጣች፤ ግንባሯ ላይ ያለው ጠጉር እርጥብ ነው። በረንዳው ሥር መጥታ ቆመች። የልብስ ሰፊዋ መኪና ድምፅ ተቋረጠ። ሹፌሩ ሬዲዮውን ዘጋ።

«አጎት ነበረሽ?» አለቻት አሮጊቷ።

«ነበረኝ።»

«የት አለ?»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ሰፌዱ ላይ ያለውን ምስር አየሁ። እንድትል እፈልጋለሁ፤ እንዳትልም እፈልጋለሁ፤ ከሁለት አንዱን ብቻ ልፈልግ ብዬ ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ቀና ስል አሁንም እያየችኝ ነው። ራሴን ነቀነቅሁላት። ብዙ አይደለም፣ ለእሷ ብቻ እንዲታይ ያህል።

«ሞቷል» አለች።

«መቼ?»

«አምና።»

«ምን ሆኖ?»

«ድንገት ነው።»

አልተንተባተበችም። ድምፅዋም አልተሰበረም፣ ዓይኗም ደረቅ ነው። አጣሪው ከዚህ የተሻለ አይሰማም። አሮጊቷ ልጅቷን አየቻት፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ሰፌዷን መልሳ ጉልበቷ ላይ አደረገች።

«እሺ» አለች። «ነፍሱን ይማር።»

«አሜን» አለ ሹፌሩ ከወዲያ በኩል። ልብስ ሰፊዋ ከውስጥ አሜን አለች። ባለቤቴም አሜን አለች። ልጅቷ አፏን አልከፈተችም። እኔ ጎረቤት ነኝና አሜን አልኩ።